እማዬ፣ ለሰርጉ አልደርስም

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባዬ ለአብራሪነት ትምህርቴ የላኩት ብር ደርሶኛል። ከየት እንደመጣ ግን የነገረችኝ ታናሼ ናት። ለካ መኪናውን ሸጠውት ነው! እሷን እንዳትቆጧት፤ አጥብቄ ስጠይቃት ነው ያወጣችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አባዬ በዚህ ዕድሜያቸው በእግራቸው ሲመላለሱ ይታየኛል። እባክሽ ንገሪልኝ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይሸጡ። የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ የምሠራው ነገር አግኝቻለሁ። ቀላል ሥራ ነው፣ አታስቢ።

ዝም ያልኩትም ረስቻችሁ አይደለም። ስደውል ድምፄን ሰምተሽ "ምን ሆነሃል?" እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው።

ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ግን ማወቅ አለባችሁ። የእኛ ትምህርት የሚለካው በዓመት ሳይሆን በበረራ ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ እንደኛ እውቅና ባለው ተከታታይ ሥልጠና ለሚማር ደግሞ 150። እያንዳንዷ ሰዓት አውሮፕላን፣ ነዳጅና አሰልጣኝ ትፈልጋለች። አየሩ ሲበላሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ኪራዩና ቀለቡ ግን ይቆጥራል። የዘገየሁት ለዚህ ነው እንጂ ተኝቼ አይደለም።

አጎቴ "እዚያ የሚሰጡት ወረቀት እዚህ አይሠራም" ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል። የአብራሪ ፈቃድ እንዲሁ በየአገሩ እንደፈለጉ የሚታደል ወረቀት አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዝቅተኛውን መስፈርት ያወጣል፣ አገሮች በዚያ ላይ ተመሥርተው ፈቃድ ይሰጣሉ። ወደ ሌላ አገር ሲዞር ተጨማሪ ፈተና ይኖራል እንጂ የበረርኩት ሰዓት ከሎግቡኬ፣ ከበረራ መዝገቤ፣ አይፋቅም። ይህን አስረጃቸው። በእኔ ምክንያት ከአባዬ ጋር እንዳይቀያየሙ ብቻ አደራ።

አሁን ወደ ሰርጉ። እማዬ፣ አልደርስም። ስጽፈው እጄ እየከበደኝ ነው። የእትዬ ሰርግና የእኔ የኢንስትሩመንት ፈተና አንድ ሳምንት ላይ ዋሉ።

ፈተናው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስንለማመድ ግንባራችን ላይ እንደ ኮፍያ ያለ መከለያ ያደርጉልናል። ውጭው አይታይም፤ የሚታየው ከፊት ያለው መሣሪያ ብቻ ነው። ደመና ውስጥ ለመብረር የሚያዘጋጁን እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ዞሮ በዚያው ሲቀጥል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይረጋጋና ቀጥ ብለሽ የምትሄጂ ይመስልሻል። ሲቃና ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን ያዘነበልሽ ይመስልሻል። መላ ሰውነትሽ "አስተካክይ! አስተካክይ!" ይልሻል። መሣሪያው ግን ቀጥ ብለሻል ይላል። አሰልጣኜ ከጎኔ ሆኖ "እሱን እመን" ይለኛል። ሰውነትን እምቢ ብሎ መሣሪያን ማመን በአንድ ቀን አይመጣም። ሳይነኩት ከሰነበቱም ይጠፋል። ለጥቂት ሳምንት ሄጄ ብመለስ እንደገና በሰዓት እየከፈልኩ የምማረው እሱኑ ነው። ከማን ኪስ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ።

እትዬ ይህን ሁሉ ትረዳለች ብዬ አምናለሁ፣ ግን አንቺም ደጋግመሽ ንገሪልኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ለብቻዬ የበረርኩ ዕለት ወርጄ የደወልኩት ለእሷ ነበር፤ ሁለታችንም አልቅሰን ወሬው ሳይወራ ስልኩ ተዘጋ። በሰርጓ ቀን ከጎኗ የማልቆመው ወድጄ አይደለም። ባሏን እስካሁን በስልክ ብቻ ነው የማውቀው። ረጋ ያለ ሰው ይመስላል። ሳቋን እንዳያቀዘቅዝብን ብቻ። ሁላችሁም ባንድ ላይ ስታወሩ የሚነሣው ጫጫታ እንዴት እንደናፈቀኝ! እዚህ ቤቱ ጭር ይላል።

ሞተሩ ቢጠፋስ እያልሽ እንደምትጨነቂም ሰምቻለሁ። አውሮፕላን ሞተሩ ስለጠፋ እንደ ድንጋይ አይወርድም። የምንማርበት ሴስና 172 ከ1000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ንፋስ ከሌለ፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሚያርፍበትን ሜዳ መምረጥንም በየጊዜው እንለማመዳለን።

ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የአንቺ ደም ግፊት ነው። ለፈቃዱ በየዓመቱ የጤና ምርመራ አለብን፤ ነርሷ ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠምጥማ ስትነፋው አንቺ ትዝ አልሽኝ። "ዛሬ ደህና ነኝ" እያልሽ ክኒኑን ትተዪዋለሽ አሉ። እማዬ፣ ደም ግፊት ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ባያምሽም ዋጪው። ሐኪሙን ሳታማክሪ እንዳታቋርጪ።

ለሰርጉ ሽር ጉድ ስትዪ ደግሞ እንዳትረሺው። ታናሼ ጠዋት ጠዋት ትለካሽና ቁጥሩን ትላክልኝ። በሰርጉ ዕለት እትዬ ከቤት ሳትወጣ እደውላለሁ፤ ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ አንቺ ጋ ይሁን። አባዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ