ለመምህራን ልጆችም ቦታ ይሰጥ

ክቡር አዘጋጅ፣

ብዙ ሰው የመምህር ሥራ ግማሽ ቀን ነው ይላል። ፈረቃው ያልቃል እንጂ ሥራው አያልቅም። አንድ ክፍል ከስድሳ በላይ ተማሪ ሲይዝ ደብተሩ በፌስታል ቤት ይገባል። የሚታረመው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ነው። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይፈቅድ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ይል ነበር። እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ማቆያ የሚባል አላየሁም። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ብለው ይመክሩናል። እኛ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድመን ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት እንቆማለን። በአሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት ቤት ደርሶ፣ አጥብቶ መመለስ እንዴት ይቻላል? ሞግዚት መቅጠርም በመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም።

ባለቤቴም መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ሌላ ወረዳ ነው። የዝውውር ፎርም በየዓመቱ እንሞላለን፣ ምትክ የለም እንባላለን። ልጃችን አባቷን የምታገኘው በስልክና በክረምት ነው። እንዲህ የሚኖሩ ባልና ሚስት መምህራን ብዙ ናቸው።

ትምህርት ቢሮዎች ባለትዳሮችን በዝውውር ያስቀድሙልን። ርዕሳነ መምህራንም አንዲት ክፍል ለማቆያ ይስጡን። እሷም ካልተገኘች፣ የምታጠባ መምህርት ክፍለ ጊዜዎቿ ተከታትለው ይመደቡላትና ቶሎ ወደ ልጇ ትሂድ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ፕሮግራም ሲወጣ ማሰብ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት