ከኮሶዬ በሰላም ላስገባችሁኝ ሁሉ

እንዴት ከረማችሁ፣ የጎንደር ወገኖቼ። ቅዳሜ ኮሶዬ ላይ የኦሪየንቴሪንግ ውድድር ስሮጥ ጠፍቼ መዋሌን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። በሰላም ገብቻለሁ። እግሬ አብጧል፣ ክንዴን ቀጋ ቧጭሮታል፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ከማን ልጀምር? ከእማማ ልጀምር።

የእማማ ቤት 7ኛው ጣቢያ አጠገብ ነው። ኦሪየንቴሪንግን ለማታውቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታና ኮምፓስ ትይዛላችሁ። ካርታው ላይ የተከበቡትን ቦታዎች በተራ ቁጥራቸው እየፈለጋችሁ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ቦታ ጣቢያ ይባላል፤ ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። በየት በኩል እንደምትሄዱ የሚነግራችሁ ሰው የለም። የኛ 12 ጣቢያ ነበረው።

እኔ 7ኛውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች ሲታጠፉ ሸንተረር መሰሉኝ፤ ለካ ሸለቆ ናቸው። ወረቀት ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው። ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደሆነ ካላወቁ መለየት አይቻልም። ጉሙም ወርዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ሦስቱንም ጊዜ በእማማ ደጅ አለፍኩ።

መጀመሪያ ሳልፍ ዝም ብለው አዩኝ። ሁለተኛው ላይ ውሃ በጣሳ ይዘው ወጡ። ሦስተኛው ላይ ግን እጄን ይዘው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ጋቢያቸውን አለበሱኝ። የባቄላ እሸት አመጡ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብዪ» እያሉ እየፈለፈሉ በእጄ ያደርጉልኛል። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀስኩ። ከድካም ይሁን ከደግነታቸው እስካሁን አላውቅም።

ያኔ ተሸነፍኩና ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ጨርቁን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ፤ ግን አልነግርሽም» አሉኝ። «ያ ወረቀቱን የሣለው ልጅ አደራ ብሎኛል። ወረቀትሽን ዘርጊና ደግመሽ እዪው። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ፣ አጠገብሽ ነኝ።»

ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ደግነት ግን አላየሁም። ጣታቸውን ቢቀስሩ ኖሮ መከራዬ በደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ደስታዬም አብሮ ያልቅ ነበር። ይህን ማን ነገራቸው?

ካርታውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከኮምፓሱ ጋር አስተካክዬ ወደ ሰሜን አዞርኩት። አንዲት ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን አየሁ። ጥቁር አራት ማዕዘን ማለት ቤት ነው። የእማማ ቤት! ሦስት ጊዜ ያለፍኩበት ደጅ ካርታው ላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በራልኝ። 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ነው። ከቤቱ እስከ ሸለቆው አናት 2 ሴንቲ እንኳ አይሞላም። እርምጃዬን እየቆጠርኩ ወረድኩ። ከወይራው ዛፍ ጀርባ ጨርቁ ተንጠልጥሏል! እኔ ስጮህ ከላይ እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። እልልታው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። አርብ ዕለት ጥጃ ጨርቁን ቀዶት ኖሯል። እማማ በመርፌና በነጭ ክር ሰፍተው፣ እዚያው ቦታው ላይ መልሰው አንጠልጥለውታል። ቅዳሜ ጠዋትም ከብት እንዳይደርስበት ሲጠብቁ ነው የዋሉት። እማማ፣ እድሜዎን ያርዝመው። ሌላ ምን እላለሁ።

ካርታውን ላዘጋጀው ወንድማችን። ስሜን አትጥሪ ብሎኛል፣ አልጠራም። ስዊድን ቆይቶ ሲመጣ ይዞልን የመጣው ይህን ነው። ስፖርቱ የሰሜን አውሮፓ ልጅ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር ኖርዌይ ውስጥ የተደረገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። እሱ ግን ገደሉን፣ ዛፉን፣ የገብሱን ማሳ ሳይቀር በእግሩ እየዞረ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ሣለው። ማንም የገበሬ አዝመራ እንዳይረግጥ ማሳዎቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረገባቸው። ቀላል መንገድ ሊሰጠን ይችል ነበር። ከባዱን ስለሰጠኸን አመሰግንሃለሁ። 9ኛውን ጣቢያ ግን ገደል አፋፍ ላይ ማድረግህን ገና እናወራበታለን፣ ወንድሜ። እዚያ ቆሜ ጉሙ ሲገለጥና የስሜን ተራሮች ብቅ ሲሉ ሰዓቴን መመልከት ረሳሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

አብራችሁኝ ለሮጣችሁት አራታችሁ፣ ስልኬ ኔትወርክ አጥቶ ስትደውሉ ለዋላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ «ተገኘች ወይ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁ የባጃጅ ልጆች፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለተማሪዎቼ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቴ ሆይ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በር ላይ ቆመሽ መዋልሽን እህቴ ነገረችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለቁስቋም የተሳልሽውን ጧፍ ኅዳር 6 አብረን እናደርሳለን። «ሁለተኛ አትሄጂም» ያልሽኝን ግን እባክሽ እንደገና እናውራበት።

ስማችሁን ያላነሳሁ ብዙ ናችሁ። በተለይ 11ኛው ጣቢያ አጠገብ ያገኘሁሽ፣ የሻሽሽን ጫፍ ቀደሽ ክንዴን ያሰርሽልኝ እህቴ፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ ሮጥኩ። ጨርቅሽን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። የማን ልጅ እንደሆነች የምታውቁ ንገሩኝ።

መጪው እሑድ ወደ እማማ ልሄድ ነው። ቡናና ስኳር ይዣለሁ። የምትልኩላቸው ነገር ካለ እስከ ቅዳሜ ማታ አድርሱልኝ።