የጎደለው ሒሳብ

ይድረስ ለአባባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዓይንዎን እንዴት አደረገዎት? ወንድሜ ሁለተኛውም ተሠርቶ ፋሻው ተነሣ ብሎኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ይኼን ራስዎ ካነበቡት እሰየው፤ ካልሆነም የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎት። ወንድሜ ባያነብልዎት ደስ ይለኛል፤ እሱ አንብቦ ሳይጨርስ ይቆጣል።

ባለፈው «ሒሳቡ ለምን ጎደለ?» ሲሉኝ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር። አፉ ይበሉኝ።

የጎደለው 11,400 ብር ነው። 6,500ው የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ድስት፣ 3,100ው የሐኪም ቤትና የመድኃኒት፣ የቀረው 1,800 በመግዣ ዋጋቸው የያዝኳቸው ሁለት ብርድ ልብሶች። ሌባ አልገባም። ሁሉም የወጣው በረንዳችን ላይ ያድር ለነበረው ሰው ነው፤ ጎረቤት ደውሎ ነግሮዎት በረመዳን «ከዚያ አስነሣልኝ፣ ደንበኛ ያሸሻል» ላሉኝ ሰው።

ማን እንደሆነ ያኔ አልነገርኩዎትም። የመካኒኩ ልጅ ነው፣ አባባ። ሆጤ አብሮኝ የተማረው፤ እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ለዒድ ድርሻውን ለይታ የምታስቀምጥለት። በ2009 የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ገባ፣ አገባ፣ ሰው ሆነ አልን። በ2014 ፓርኩ በጦርነቱ ተዘርፎ ሥራው ቆመ። ሐቁን ልንገርዎት፤ ከዚያ በፊትም ይጠጣ ነበር። ጦርነቱ አይደለም ያስጀመረው። ጦርነቱ የወሰደበት ጠዋት የሚነሣበትን ምክንያት ነው። ሚስቱ ወደ ወላጆቿ ሄደች፤ እኔ በሷ አልፈርድም።

አንድ ቀን «እዚህ ውርጭ ላይ ከምትሞት ሐራጎን ወርደህ ኮምቦልቻ አታድርም? እዚያ ሙቀት ነው» አልኩት። «እዚያ የሚያውቁኝ ብዙ ናቸው» አለኝ። ከጦሳ የሚወርደውን የኅዳር ብርድ እርስዎ ያውቁታል። ሰው ይኼን ብርድ ከሚያውቀው ሰው ዓይን አስበልጦ መምረጡን ሳስብ ሌላ ምክር መስጠቱን ተውኩት።

መጀመሪያ ላይ በጠዋት ሱቅ ስከፍት ሻይ እሰጠው ነበር። ብርጭቆውን አይቀበለኝም። «ደረጃው ላይ አስቀምጠው» ይላል። ንቀት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዘወር ብዬ ሳይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ብርጭቆውን በእጁ ሳይነካ በከንፈሩ ይስባል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ካነሣው ይደፋዋል። ከዚያ ከጥግ ካለችው አረቄ ሻጭ አንድ መለኪያ ይቀምስና እጁ ይረጋለታል። እኛ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ጥጋብ ነው ስንል ከረምን።

ከሱ ወዲያ፣ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ሦስት ልጆች ያድራሉ፤ ግድግዳው ከምድጃው የተረፈ ሙቀት አለው። ማስቲሻቸውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ይስባሉ። ትንሹን ለምን ብዬ ብጠይቀው «ብርዱ አይሰማም፣ ርሃቡም» አለኝ። ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ይኼን ሰምቶ ምን ይላል? ምንም አላልኩም፤ ገብቼ መብራት አበራሁ። ስለነሱ ዛሬም የምነግርዎ የረባ ነገር የለኝም።

በስልክ ያሉኝ ቃል ግን አልወጣልኝም። «በ77 እኛ ደጅ ያደሩት ርሃብ ያመጣቸው ናቸው። እሱን ያመጣው ጠርሙስ ነው። አፉን ከፍቶ ያጠጣው ማነው?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ማንም አላጠጣውም። ሙሉ መልስ የለኝም። ትዝ ያለኝ በጥቅምት 2014 ከደሴ ወጥተን ደብረ ብርሃን በረንዳ ላይ ያደርንባት ሌሊት ናት። ሴትዮዋ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ስትወጣ ማን እንደሆንን፣ ምን እንዳጠፋን አልጠየቀችንም። ይኼን ያነሣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ያን ሌሊት ጋቢዎን ለማያውቋት አራስ የሰጡት እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሐምሌ ላይ አንድ ዓርብ መጋዘኑን አጽድቼ ፍራሽ ዘረጋሁለት። ሦስት ቀን ካልቀመሰ ይለቀዋል ብዬ ነው። እሱም እሺ ብሎ ነው የገባው፣ በግድ አይደለም፤ ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ነበር። ዓርብ ማታ ላቡ ይንጠፈጠፍ ጀመር። ጥሩ ነው፣ እየወጣለት ነው አልኩ። ቅዳሜ ሌሊት ዘበኛው በሬን ደበደበ። ስደርስ ጥርሱን ነክሶ፣ አረፋ ደፍቆ መሬቱ ላይ ይንፈራገጣል። እንደ ሠፈራችን ደንብ ክብሪት ጭሬ አፍንጫው ሥር ያዝኩ። ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ቤት።

ተረኛዋ ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ክብሪቱን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዲህ ሲሆን በጎኑ አስተኛው፣ ራሱ እንዳይመታ ጠብቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት፣ በቃ» አለችኝ። ቀጥላም መከልከሉ ራሱ ሊገድለው እንደነበር አስረዳችኝ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎሉ ከመጠጡ ጋር ተላምዶ ነው የሚሠራው፤ ድንገት ሲነጠቅ ይናወጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ካቆመ ጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ የሚጥለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅዠትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ያ ካልታከመ ሰው ይሞትበታል። ዲያዚፓም እየቀነሱ፣ ቫይታሚን ቢ1 እየጨመሩ አምስት ቀን አስተኙት። የጫት ሌላ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደበታል፣ ይነጫነጫል፣ ዱካክ ይጫወትበታል እንጂ እንዲህ አይጥለውም። (አይቆጡኝና፣ እርስዎም ወዳጃው፣ የጫቱ ዱዓ፣ የቀረብዎት ለት እንዴት እንደሚሆኑ ቤተሰቡ ያውቀዋል።)

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ፀጉሩና ጺሙ ተያይዞ ነበር። ፀጉር አስተካካያችን በነፃ አደርግለታለሁ አለ፤ ግን «ማታ ሦስት ሰዓት፣ ደንበኛ ሲያልቅ» ብሎ ቀጠረን። መጋረጃውን ጋርዶ፣ ምላጩን ቀይሮ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደከመበት፤ ሲጨርስ ሽቶ ሁሉ ረጨለት። ልጅ እያለሁ በአይጠየፍ በኩል ስናልፍ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ነው፣ ሀብታምና ድኻው፣ እስላምና ክርስቲያኑ ሳይጠያየፍ የሚበላበት ነበር ያሉኝ። ስሙን የቤቱ ሳይሆን የንጉሡ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ያስተካካያችን ደግነት መጋረጃ ያስፈልገዋል። ቢሆንም ደግነት ነው፤ እኔ እንኳ ያን ሰው በእጄ አልነካሁትም ነበር።

ነሐሴ ላይ ነገሩን ለቅሬ አቀረብኩ። የተባለውን እንዳለ ልጻፍልዎት። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ በአባቱ ቦታ የተተካውን ስሙን አሳየን፤ መዋጮ ስላቋረጠ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። አንዱ ጎረቤታችን በ1996 የወጣውን የአደገኛ ቦዘኔነት ቁጥጥር አዋጅ ጠቅሶ ለፖሊስ እናመልክት አለ። ሌላው መቄዶንያ ይግባ አለ። መቄዶንያ ሰው ለሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው፣ እሱ እኛ አለን አልኩ። «ማነን እኛ?» አለኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። የቅሬው ዳኛ ለማብረድ «ቢሰረዝም ሜዳ ላይ አይወድቅም፣ የሞተ እንደሆነ እንቀብረዋለን» አሉ። ይኼኔ ከሙጋድ በኩል የሚመጡት ባልቴት ተነሡ።

«ሲሞት ድንኳን እንጥልለታለን፣ ንፍሮ እንቀቅልለታለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን። ኧረ እኔን! ያኔ እኮ አይበርደው፣ አይርበው። ቦዘኔ ነው ላላችሁትም፣ ቢሆንስ የኛው ቦዘኔ ነው።»

ደንቡ አልተለወጠም፤ ቅሬ የቀብር ነው ተባለ፣ አበቃ። ግን የቅሬው ዕቃ ቤት ጠባቂ አልነበረውም። ድንኳኑና አግዳሚው መካከል እንዲያድር፣ ለሻይ በወር 500 ብር እንዲሰጠው ተስማሙ። ምሳውን ባልቴቷና አራት ቤቶች በተራ ያዙ። የተፈናቀሉት ትምህርት ቤቶቹን በሞሉበት ክረምት የነበረው ተራ ነው፤ ስም ዝርዝሩ እንኳ ያው ነው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ አደርሰዋለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። መስከረም ላይ፣ የግሸን መንገደኛ ከተማውን በሞላበት ሰሞን፣ በጠዋት መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አልገባም። «ድስቷን ሸጥኳት» አለኝ። የእስላሙን ትልቋን ድስት፣ በ900 ብር። ገንዘቡን ጠጥቶታል። ሴቶቹ ተቆጡ፤ ልክ ናቸው፣ ያችን ድስት ስንት ዓመት አዋጥተው ነው የገዟት። ዳኛው እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም የከፈልኩት ከደግነት ሳይሆን ከእፍረት ነው፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና። በደብተሩ ላይ ለምን «ልዩ ልዩ» ብዬ እንደጻፍኩት ካሰቡ፣ ከእርስዎ ልሸሽግ ብዬ ነው።

ያን ለት አባርሬው ነበር። ሁለት ሌሊት እዚያው በረንዳችን ላይ አደረ። በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ ሳያማክሩኝ ሄደው አነሡት። ድስቶቹ አሁን በሌላ ክፍል ተቆልፈው ቁልፉ በሳቸው አንገት ላይ ነው፤ እሱ ድንኳኑን ይጠብቃል። ድንኳን ማንም አይገዛም ይላሉ። ሐኪሟን ስንነግራት አልደነገጠችም፤ መውደቅ ከበሽታው ጋር ያለ ነው፣ እንዳትቀሩ ብቻ አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ የማውቀው ሁለት ጊዜ ጠጥቷል።

ከጥቅምት ጀምሮ የኛ መስመር ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ለሱ መስጠት ጀምረዋል። የመጀመሪያዋን ሲፈታ አጠገቡ ነበርኩ። የመርፌዋን ብሎን ለመያዝ አራት ጊዜ ሞከረ፣ አራት ጊዜ አመለጠችው። የመኪናው ባለቤት ሊያግዘው እጁን ሲሰድ «ተወኝ» አለው። በአምስተኛው ያዛት። ለድስቷ በየወሩ 300 ብር ይመልስልኛል፤ እስካሁን 900 ገብቷል። በሚቀጥለው ወር ከምልክልዎ ሒሳብ ላይ ያዩታል። የቀረውን ከኔ ድርሻ ይቁረጡት፤ ይኼን የምለው ለወግ አይደለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር። ሳጥን ውስጥ የነበረው ቡናማ ካፖርትዎ እሱ ላይ ነው። ሳላስፈቅድዎ ሰጥቼዋለሁ። ቁመታችሁ አንድ ስለሆነ ከኋላ ሲያዩት ቁርጥ እርስዎን ይመስላል፤ ባለፈው ዓርብ አንድ ጎረቤታችን «ሐጂ መጡ እንዴ!» ብሎ ሮጦ ትከሻውን ያዘው። ሲመጡ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሻንጣ ልያዝላቸው ብሏል፤ ከሩቅ አይተውት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ካፖርቱ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ወንድሜ መርካቶ የሄደ እንደሆነ እንደ ድሮው ዓይነት ቡናማ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ይፈልግልኝ።

ልጅዎ፣ ከደሴ