የጉበት ሕመምተኛ ሲከሳ ቆሽቱም ይታይ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ጉበት ሕመም በምታወጧቸው ጽሑፎች ውስጥ የቆሽት ነገር ሲነሳ አላይም፤ ይህ ያሳስበኛል።

ቅባት የሚፈጨው በሁለቱ ትብብር ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ቅባቱን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ይሰባብረዋል። አንዱ ከጎደለ ቅባቱ በሚገባ ሳይፈጭ ይወጣል፦ ሰገራው ይገረጣል፣ ክፉኛ ይሸታል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ መጸዳጃው ላይ ተጣብቆ በቀላሉ አልታጠብ ይላል። ሕመምተኛው እየበላ ይከሳል። በቅባት የሚሟሙት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችም አብረው ይባክናሉ። የኬ እጥረት የደም መርጋትን ስለሚያዳክም ጉበቱ ለታመመ ሰው ድርብ አደጋ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ «ያው ጉበቱ ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። በተለይ አልኮል አብዝቶ ይጠጣ በነበረ ሰው ላይ ሁለቱም ተጎድተው ሊሆን ይችላል። ቆሽትን ለመፈተሽ፣ ቆሽት የሚያመነጨውን ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚለካ ምርመራ አለ፤ የሚሠራውም በሰገራ ነው፤ በ1 ግራም ሰገራ ከ200 ማይክሮግራም በታች ከተገኘ የቆሽት ድክመት ያስጠረጥራል። ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ግን ውጤቱን ያለአግባብ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

የጎደለውን ለመተካት ሐኪም ያዘዘው የቆሽት ኢንዛይም መድኃኒት ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይወሰድም። የጎደለው ሐሞት ከሆነ ደግሞ ኢንዛይሙ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ በራስ ውሳኔ ገዝቶ መዋጥ ተገቢ አይደለም።

እባካችሁ፣ በዚህ ላይ የሚጽፍ የጨጓራና አንጀት ሐኪም ጋብዙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ