ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ልንገርሽ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጅሽስ? ባለቤትሽስ? እማማስ ደህና ናቸው? ሥራው፣ ልጆቹ፣ የእናቴ ሕመም፣ ነገ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ስንባባል ዓመታት ነጎዱ። መልእክትሽን ሳይ ግን ትናንት የተለያየን ነው የመሰለኝ። የጻፍሽበት ጉዳይ ደግሞ! ውሻ ካየሽ መንገድ ተሻግረሽ የምትሄጂው አንቺ፣ ልጄ ቡችላ ይፈልጋል፣ ያንቺዋ ወልዳለች አሉ ብለሽ ስትጠይቂኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። በስልክ እንዳላወራሽ የምነግርሽ ብዙ ነው። በጽሑፍ ይሁንና ደጋግመሽ አንብቢው።

መልሴ አዎ ነው። አንዱ ቡችላ የእናንተ ነው።

ዝርያው ኒውፋውንድላንድ ይባላል። ስሙን ያገኘው እዚሁ ካናዳ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ካለችው ደሴት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ያስጎትቱት ነበር፣ ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅም ዘሎ ይገባል። በጣቶቹ መሀል ቆዳ ስላለው ዋና ተፈጥሮው ነው። ልጅሽ ታሪክ ከወደደ ይኼን ንገሪው፦ አሜሪካዊው አሳሽ ሜሪዌዘር ሉዊስ በ1803 አንዱን በ20 ዶላር ገዝቶ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ ይዞት ሄዷል። አሁን ደግሞ ሳትሰሚው መቀበል የሌለብሽን ልንገርሽ። ወንዱ ሲያድግ 68 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለሃጩ ግድግዳ ላይ ይደርሳል፣ ጸጉሩ በየሶፋው ነው፣ ሙቀት አይወድም። ዕድሜውም አጭር ነው፣ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖሩት። ይኼን ለልጅሽ አሁኑኑ ባትነግሪውም አንቺ እወቂው።

እናትየዋ ደመና ትባላለች። ከማስወለዴ በፊት ዳሌዋን፣ ክርኗን፣ ልቧን አስመርምሬያለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ዝርያ ከልብ የሚወጣው ደም ሥር የሚጠብበት በሽታ በዘር ይተላለፋል። የሐኪሙን ወረቀት እልክልሻለሁ። ከወረቀቱ እኩል የማየው ግን ጠባይዋን ነው። ቡችሎቹ ቀኑን ሙሉ እሷን ነው የሚያዩት። በሩ ሲንኳኳ ደመና ጭንቅላቷን ብቻ ቀና አድርጋ ተመልሳ ትተኛለች፣ እነሱም ያንኑ ይማራሉ። ደንጋጣ እናት ቢኖረኝ ኖሮ የፈለገ ቆንጆ ብትሆን አላስወልዳትም ነበር።

ብዙ ሰው ዝርያው የዋህ ነው ከተባለ የቀረው በራሱ የሚሆን ይመስለዋል። አይደለም። አዲስ አበባ ስናድግ የምናውቀው ውሻ ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ነው። ሰው እንዳይለምድ ሆን ተብሎ ነበር የሚያዘው፣ ሌባ እንዲፈራው። አንቺም እስከ ዛሬ የምትፈሪው ያንን ነው፣ አልፈርድብሽም። እዚህ የምደክመው ለተቃራኒው ነው። ትልቅ ውሻ ሲፈራ ነው የሚያስፈራው፤ መሸሻ ያጣ ፈሪ ውሻ ይናከሳል፣ ያውም በዚያ አፍ።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮት እና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ ለዓመታት ቡችሎችን አጥንተው በ1965 ያሳተሙት ሥራ አለ። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየውን ነገር በኋላ ሲያየው ይጠራጠረዋል። ስለዚህ ግማሹ ሥራ የእኔ ነው፣ ግማሹ የአንቺ።

ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነበሩ፣ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ዝግ። ያን ሰሞን ማሞቅና ማጥባት ነው ዋናው። ደመና ስትዞር እንዳትጫናቸው አጠገባቸው ፍራሽ አንጥፌ ነው የምተኛው፣ ከባድ እናት ሳታውቅ ልጇን ትጨፈልቃለች። ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ በእጄ እይዛቸዋለሁ፤ እግራቸውን፣ ጆሯቸውን፣ አፋቸውን እነካለሁ። ዓይናቸው ከተገለጠ ወዲህ ደግሞ ወጥ ቤቱ አጠገብ አዛወርኳቸው። የሽንኩርት መክተፊያውን፣ የቡና ሙቀጫውን፣ ቫኪዩሙን፣ የልጆቼን ጩኸት ሁሉ እየሰሙ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ላስቲክ፣ ምንጣፍ፣ ሣር፣ የሚንቀጠቀጥ ጣውላ ላይ ይሄዳሉ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ጺም ያለው፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሲገኝ ግባ በሞቴ ነው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። በቀደም የድስት ክዳን ሆን ብዬ ራቅ አድርጌ ጣልኩ። ሁሉም ደነገጡ። መደንገጣቸውን አይደለም የማየው፣ ሁሉም ይደነግጣል። የማየው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋጉ ነው። ቢጫ ማሰሪያ ያለው ወዲያው ሄዶ ክዳኑን ላሰው። አረንጓዴው ግን እናቱ ሆድ ሥር ተወሸቀ። ልጄ ልታነሳው ስትል ተይው አልኳት። ገፍቼም አልወሰድኩትም። መሬት ተቀመጥኩና ፊቴን አዙሬ ዝም አልኩ። መጀመሪያ አፍንጫው ወጣ። ቀጥሎ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ከዚያ በሆዱ እየተሳበ መጣ፣ ክዳኑን አሸተተ፣ በእግሩ ነካው፣ ሲንኳኳ ዘለለ፣ ደግሞ ነካው። በኋላማ ከአፉ ማስጣል አቃተን! ማንም ሳይገፋው የሄደባት ያቺ መንገድ ከምንም በላይ ትጠቅመዋለች። አንቺም ቤት ስትወስጂው የምለምንሽ ይኼን ነው። የፈራውን ነገር ጎትተሽ አታቅርቢው፣ አታባብዪውም ማለቴ ግን አይደለም። አንቺ ጋ ሮጦ ከመጣ እቀፊው። መሸሸት መቻሉን ካወቀ ራሱ ተመልሶ ይሄዳል።

የእናንተ አረንጓዴው ይሁን ወይስ ቢጫው ገና አልወሰንኩም። ለልጅሽ ለስላሳው የሚሻል ይመስለኛል፣ ግን በ7ኛው ሳምንት ላይ ደህና አድርጌ አይቼ እነግርሻለሁ። መልክ አትምረጪ፣ እሱን ለእኔ ተዪው።

የምትወስዱት ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ቡችሎች በዚያ ሰሞን በትንሽ ነገር የሚደነግጡበት ጊዜ ስላለ ጉዞው ጸጥ ያለ ይሁን። መኪና እዚሁ አለማምደዋለሁ። ከሃሊፋክስ ኦታዋ ረጅም ነው፣ መሀል ላይ እደሩ። ቤት ሲደርስ ዘመድ አዝማዱን በአንድ ቀን አትጥሪበት። ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ብቻውን አታስተኚው፤ ያለቅሳል፣ ብቻውን መሆን ማለት ጭንቅ ነው ብሎም ይማራል። አልጋችሁ አጠገብ በውሻ ማደሪያ ሳጥኑ ይተኛ። ለብቻው መቆየትን ቀን ቀን ታለማምጂዋለሽ፣ ከጥቂት ደቂቃ ጀምረሽ።

ክትባቱ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይቀጥላል። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ገዳይ ስለሆነ ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት ፓርክ መሬት ላይ አታውርጂው። ግን ቤት ቆልፈሽበትም አታሳድጊው። ታቅፈሽ አውጪው፣ አውቶቡስ ይይ፣ ገበያ ይይ፣ የተከተበ የጎረቤት ውሻ ጋ ይጫወት።

ምግብ ላይ እማማን አደራ! የእኛ ሰው ልጅም ቡችላም ሲወፍር ነው ደስ የሚለው። ይኼ ዝርያ ቀስ ብሎ ማደግ አለበት። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተሠራውን ምግብ ብቻ ስጪው፣ ካልሲየም እንዳትጨምሪበት፣ ሲበዛ አጥንቱን ያበላሸዋል። ጎድኑን ስትዳስሺ ሊሰማሽ ይገባል። ደረጃ ላይ ማሯሯጥ፣ ከመኪና ማዘለል፣ ረጅም ሩጫ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ይቅር።

ሌላው ሰው ላይ መዝለል ነው። አሁን ጉልበትሽ ላይ ሲወጣ ያምራል፣ ነገ ግን እማማን ይጥላቸዋል። አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ብቻ ዳብሺው፣ ሁላችሁም እንደዚያ አድርጉ፣ እንግዳውም። ሲበላ ሳህኑን አትንጠቂው፤ ይልቅ አለፍ ስትዪ ቁራጭ ሥጋ ጣል አድርጊለት። ያኔ ሰው ወደ ሳህኑ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ልጅሽ ደግሞ የተኛ ውሻ እንዳይቀሰቅስ ከአሁኑ አስተምሪው።

ፍርሃትሽን ደብቀሽ ከምትወስጂው፣ ከተቻለሽ ቀደም ብለሽ መጥተሽ እኛ ጋ ሰንብቺ። መሬት ላይ ትቀመጫለሽ፣ እነሱ ይመጣሉ። አንቺንም ማንም አይገፋሽም።

እስከዚያው ልጅሽ ለብሶ ያደረበትን አንድ ቲሸርት ሳታጥቢ በፖስታ ላኪልኝ። ቡችሎቹ የሚተኙበት ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ሽታውን ለምደው ይጠብቁት። አድራሻዬን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው