ይድረስ ሚዛን ላይ ለቆመችው ልጄ

ጅማ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። አጋሮ አካባቢ ካለ የቡና መረከቢያ ጣቢያ በመዛኝነት መቀጠርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሥራው ግን ቁጥር መጻፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበሬው ሁሉ የዓመት ልፋቱን ተሸክሞ አንቺ ፊት ነው የሚያወርደው።

ከሚዛኑ ልጀምር። ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ ክብደቱ የታወቀ 20 ኪሎ መመዘኛ መጀመሪያ መሀል ላይ፣ ቀጥሎ አራቱም ማዕዘን ላይ አስቀምጪ። አምስቱም ቦታ ላይ 20 ማንበብ አለበት። አንዱ ማዕዘን 19.5 ካለ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ የቆመበት መሬት ወጣ ገባ ነው፤ ካልሆነም ከመድረኩ ሥር ፍሬ ወይም ጭቃ ገብቷል። አስተካክለሽ እንደገና ፈትሺ፤ እምቢ ካለ በዚያ ሚዛን አትመዝኚ። ከእያንዳንዱ ገበሬ በፊት ደግሞ ሚዛኑ ባዶውን 0 ማለቱን ገበሬው በዓይኑ ይይ።

ብዙ ቡና የሚጠፋው ከከረጢቱ ላይ ነው። የቃጫ ጆንያ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ግን ከ100 ግራም ብዙም አይርቅም። ሁለቱንም «የጆንያ» እያሉ አንድ አንድ ኪሎ መቀነስ የተለመደ ነው። በቀን 60 ማዳበሪያ ብትረከቢ በያንዳንዱ 900 ግራም፣ በድምሩ 54 ኪሎ ከገበሬ ላይ ወሰድሽ ማለት ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ከሦስት ፈረሱላ በላይ ሆነ፤ ማንም ግን ሌባ አልተባለም። ስለዚህ ባዶ ከረጢቱን መዝኚና የመዘንሽውን ብቻ ቀንሺ። 23.7 የመጣውን 23 ብለሽ አትጻፊ። ደረሰኙ ላይ ጠቅላላው ክብደት፣ የከረጢቱ፣ የተጣራው፣ ዋጋውና ገንዘቡ በየመስመሩ ይጻፍ፤ ከፍለሽ ከመሸኘትሽ በፊትም በኦሮምኛ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ፊደል ያልቆጠረች እናት አሥራ ሁለት ኪሎ ይዛ ስትመጣ እንዲያውም ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

አሁን ወደ ገበሬው ወገን ልምጣ፤ እሱም መልአክ አይደለምና። ደረቅ ቡና ላይ ውኃ የሚረጭ አለ። ስሌቱን እዪው፦ እርጥበቱ 12 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ቡና ውስጥ ውኃ ያልሆነው 88 ኪሎ ነው። ውኃ ጠጥቶ እርጥበቱ 16 በመቶ ሲደርስ ያው 88 ኪሎ ወደ 104.8 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ኪሎ የሚጠጋ ውኃ በቡና ዋጋ ተሸጠ። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። እርጥቡ ቡና መጋዘን ውስጥ ይሞቃል፣ ይነጣል፣ ይሻግታል፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ደረጃ ሲወጣለት ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለስኒው ጣዕም ነው፤ የሻገተ ሽታ በሁለቱም ይጥለዋል።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከሆነ እፍኝ አንሥተሽ ጆሮሽ ሥር ነቅንቂው፤ የደረቀው ውስጡ ይንኳኳል፣ እርጥቡ ዝም ይላል። ይህ ግን መጠርጠሪያ እንጂ መፍረጃ አይደለም። የሚፈርደው የእርጥበት መለኪያው ነው። ናሙና ስትወስጂ ከላይ ብቻ አትዝገኚ፤ መልካሙ ከላይ፣ ያምናው ከሥር የሚሆንበት ከረጢት አለ። ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር ውሰጂ፣ ትሪ ላይ ደባልቂ፣ አራት ላይ ክፈይና ትይዩ የሆኑትን ሁለት ሩቦች መርምሪ። ያምናው ቡና መልኩ የገረጣ ወይም ወደ ቡናማ ያደላ ነው፣ ሽታውም ከአዲሱ ይለያል፤ አንዴ ጎን ለጎን ካየሽው አይጠፋሽም።

ከሁሉም አብልጬ ልነግርሽ የፈለግሁት የሚከተለውን ነው። ገዢዎች ፍተሻው ሲሰለቻቸው «መቼም ውኃ ሳይኖረው አይቀርም» ብለው ከሁሉም ላይ ከየመቶ ኪሎው አምስት አምስት ኪሎ ይቆርጣሉ። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከውኃው የከፋ ውሸት ነው። ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ እያገላበጠ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሸፈነ በወጉ ያደረቀው ገበሬ አምስት ኪሎ ይቀጣል፤ ውኃ የረጨው ግን የረጨውን ብቻ ይመልሳል፣ ምንም አይጎድልበትም። በሚቀጥለው ገበያ ያም ታማኝ ሰው ባልዲ ያነሣል። ያኔ ገዢው «አላልኩም?» ይላል፤ ሐሰተኛውን የፈጠረው ግን እሱው ነው። አንድን ገበሬ ውኃ ረጭቷል ለማለት የእሱን ቡና ለክተሽ ቁጥሩን ማሳየት አለብሽ። ቁጥሩ ከሌለሽ በግምት አትቁረጪ። እርጥበቱ ከፍ ካለበትም ሰው ፊት አትስደቢው፤ «ይህን ያህል አለው፣ አድርቀህ አምጣው» ብለሽ መልሺለት።

ቤት ሳለሽ ተረት ትወጃለሽና ስለዚህም አንድ ነገር ልበል። ጦጣ አንበሳን ስታታልል እንስቃለን፤ በአለቃ ገብረ ሃናም ቀልድ እንደሰታለን። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ባህላችን ብልጠትን ያወድሳል፣ ሚዛን መስረቅም ብልጠት ነው» ይላል። ተረቱን በደንብ አላዳመጠም። ጦጣ የምታታልለው ሊበላት የመጣውን ነው፤ የአለቃም ምላስ ብዙውን ጊዜ የምትነድፈው መኳንንቱንና ትልልቁን ሰው ነው። የሚያስቀን ደካማው ማምለጡ ነው። ሚዛኑን የያዘ ሰው ሚዛን የሌለውን ሲያታልል ግን በዚያ ተረት ውስጥ ቦታው የአንበሳው ነው። ምሳሌያዊ አነጋገራችንም እንዲሁ ጆሮ ይፈልጋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ሰው እንደ ምክር ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን የተሿሚውን የውስጥ ሐሳብ ያጋለጠ አባባል አድርጌ ነው የምሰማው።

በቅርብ የመጣ ፈተናም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚላክ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱ መታወቅ አለበት፤ ለዚህም የማሳው መገኛ ይመዘገባል። ከ4 ሄክታር ለማያልፍ ማሳ ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ የነጥቡ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥር ግን ከአሥርዮሽ ነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ይፈልጋል። መዝጋቢዎች ዳገት መውጣት ሲሰለቻቸው ገበሬውን ጣቢያው በር ላይ አቁመው የቆሙበትን ቦታ ማሳው ነው ብለው በስልካቸው ይመዘግባሉ። ከዚያ ሃያ ገበሬ አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ያለው ሆኖ ይገኛል። ይህ ሲጋለጥ ጭነቱ ይመለሳል፣ ስሙ የሚጠፋውም ምንም ያላጠፋው ገበሬ ነው። ወይ ማሳው ድረስ ሂጂ፣ ወይ መዝገቡን ባዶ ተዪው።

አሠሪሽ «ከሁሉም ቁረጪ» ቢልሽ አትጨቃጨቂ። መዝገቡ ላይ «ቅናሽ» የሚል መስመር ክፈቺ፣ ስንት እንደሆነና በማን ትእዛዝ እንደሆነ ጻፊ፣ ከዚያ ፈርምልኝ በይው። አብዛኛው ሰው ለቃል እንጂ ለፊርማ አይደፍርም። ካልፈረመ አንቺም አትቁረጪ። በዚህ ሰበብ ከሥራ ብትወጪ ሌላ እስክታገኚ ድረስ ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ እናትሽም ይህንኑ ጻፍላት ብላኛለች።

ለቤቱ አከራይሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የእርጥበት መለኪያው ባትሪ ሲደክም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣልና ትርፍ ባትሪ ከዚህ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ።

አባትሽ