«ጥቂት ሳምንታት» አልነበረም

ለተከበሩ አዘጋጅ

ጦርነት በሰላማዊ ሰው አእምሮ ላይ ስለሚተወው ጠባሳ ያወጣችሁትን ዘገባ ወልድያ ቤቴ ሆኜ አነበብኩት። ስለ ከተማችን የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ወልድያ «ለጥቂት ሳምንታት» ተይዛ እንደነበርና ነዋሪውም ዛሬ «ከድንጋጤው እንደወጣ» ይናገራል። ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ የቆየችው ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። አራት ወር! በዚህች ቃል የምሟገተው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ቤት ውስጥ ያለው ዱቄት ያዘልቃል። ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ አራት ወር ሲሆን ግን ያለውና የሌለው ይለያል። መኪና ያለው ቀድሞ ወጣ። ደሴ የሸሸው በጥቅምት ደሴም ስትያዝ እንደገና ተሰደደ፤ ገንዘብ የነበረው ግን አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ከረመ። እዚህ የቀረነው የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ እንደ እኔ የታመመች እናት ይዞ መንቀሳቀስ ያልቻለው ነን።

መብራት ስለሌለ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ እህል እያለን ንፍሮ በላን። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በሁለተኛው ወር አለቀ። ባንክ ያስቀመጥኳት ብር አንዲት ፍሬ ክኒን አልገዛችልኝም። እናቴ በጥቅምት አረፈች። እድራችን ድንኳን መጣል አልቻለም፤ ስድስት ሆነን ቀበርናት። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቼ የተረዱት ስልክ ሲከፈት ነው። በእኛ አገር ሐዘን የሚቀለው ለቀስተኛ ከብቦ ሲያስለቅስ፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ሲያድር ነው። እኔ ያንን አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። ይህ በየትኛው መስመራችሁ ላይ አለ?

ልብስ ሰፊ ነኝ። በብድር የገዛኋትን ሲንጀር ጭነው ወሰዷት፤ ብድሩ ግን ቀረልኝ፣ ወለዱም አልቆመም። ያኔ በር ሲንኳኳ ፈታሽ መጣ ብዬ እደነግጥ ነበር። አሁን ሲንኳኳ አበዳሪ መጣ ብዬ እደነግጣለሁ። ልቤ ሁለቱን አይለይም። ታዲያ «ከድንጋጤው ወጥተዋል» ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን በር አንኳኩቶ አየ?

የዓለም ጤና ድርጅት ጦርነት ባለበት አካባቢ ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ጤና መታወክ እንዳለበት ካሳወቀ ዓመታት አልፈዋል። ዘገባችሁ መፍትሔው የምክር አገልግሎት ነው ይላል። ምክርን አልንቅም፤ የጠቀማቸው ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን በሥራ ሰዓት የሚሰጥ ምክር የቀን ሠራተኛን የዕለት እንጀራ ያሳጣዋል። የተደፈረች ልጅም ጎረቤት እያየ ወደዚያ ቢሮ አትገባም፤ ስሟ ከወጣ ማን ያገባታል ብለው ቤተሰቦቿ ራሳቸው ዝም ያሰኟታል። ጥይቱ ያልነካትን የሰፈር ወሬ ይጨርሳታል።

ስለዚህ «ጥቂት ሳምንታት» የሚለውን አርሙልን። ጋዜጠኛችሁም ተመልሶ ሲመጣ ሆቴል ተቀምጦ ኃላፊ ብቻ እንዳያነጋግር። ጉልት ተራ ይምጣ፤ ማሽን ባይኖረኝም በእጄ እየጠቀምኩ እዚያው አለሁ፣ ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጡትንም አንድ በአንድ አገናኘዋለሁ።

ከወልድያ አንባቢያችሁ